«የወረቀት መጠን አልተጣጣመም»፦ የቤታችን ፕሪንተር ለምን ይቆማል?

   

በዚህ እትም የትምህርት ዓምድ የማነሳው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ባለፈው ዓመት ግን የእኛን ቤት አንድ ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ ነስቷል። ጉዳዩ የቤት ፕሪንተር ነው፤ በተለይም ማተም እንደጀመርን መብራት እያብለጨለጨ ቀጥ የሚያደርገን፣ በአንዳንዱ «ፔፐር ሚስማች»፣ በሌላው ደግሞ «ሎድ ሌተር» የሚለው ማስጠንቀቂያ። ትርጉሙ ወይ «የወረቀቱ መጠን አልተጣጣመም» ወይ «ሌተር የሚባለውን ወረቀት አስገባ» ነው። ማስጠንቀቂያው የሚፈታው በሴቲንግ ነው፤ ጠጋኝ አያስፈልገውም። የቱን ሴቲንግ እንደምንነካ ካላወቅን ግን ማስጠንቀቂያው ይጠፋና ስህተቱ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። እኛ ቤት የሆነውም ይኸው ነው።

ታላቅ እህቴ የሲቪል ምህንድስና ተመራቂ ነበረች። ከሁለት የቡድን ጓደኞቿ ጋር የሠሩትን 84 ገጽ የመመረቂያ ፕሮጀክት በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ በሁለት ቅጂ አስጠርዘው ለአማካሪያቸው ማስረከብ ነበረባቸው። በዚያ ሰሞን የኮፒ ቤት ወረፋ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። እኛ ቤት ደግሞ አባቴ ያገለገለች ገዝቶ ያመጣት ጥቁርና ነጭ ሌዘር ፕሪንተር አለች። «እቤት እያለልሽ ለምን ትሰለፊያለሽ?» አልኳት። ከዒሻ በኋላ ጀመርን።

እስከ 30ኛው ገጽ ሰተት ብሎ ወጣ። 31ኛው ላይ ቀጥ አለ። ብርቱካንማዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ የወረቀቱ መጠን አልተጣጣመም የሚል መልእክት ወጥቷል። መሳቢያው ውስጥ ያለው ወረቀት ያው እስከ 30ኛው ገጽ ያተመው ወረቀት ነው። ምኑ ነው ያልተጣጣመው?

አጥፍተን አበራናት። ወረቀቱን አውጥተን፣ አራግፈን፣ ጠርዙን አስተካክለን መለስነው። ገመዱን ነቅለን ሰካነው። የፕሪንተሩን ሶፍትዌር አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት፤ ይህ ብቻውን አንድ ሰዓት በላ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ቢስሚላህ ብላችሁ ነው የጀመራችሁት?» አለች። አባቴ በበኩሉ «ለጎረቤት ልጅ ሁሉ እያተማችሁ ገደላችኋት» ብሎ ፈረደብን። ሁላችንም በአንድ ነገር ተስማምተናል፦ ፕሪንተሯ ታማለች።

በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ፕሪንተሯ ላይ ያለችውን ቁልፍ ስጫናት አንድ ገጽ ወጣ። ደግሜ ስጫን ሌላው ወጣ። እንዲህ እያልኩ 16 ጊዜ ተጫንኩ። 47ኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ነገሩ በራሱ ተስተካከለና የቀረው ያለ ችግር ወጣ። ለሁለተኛው ቅጂ ግን 16 ጊዜ መጫን ሰለቸኝና ብልጥ ሆንኩ። ፋይሉ ፒዲኤፍ ስለነበር የማተሚያው መስኮት ላይ ወረቀቱን በገጹ መጠን ምረጥ የሚለውን ምልክት አነሳሁ፤ ከዚያም «ፊት» የሚለውን፣ ማለትም ገጹን ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን የሚለውን አማራጭ መረጥኩ። አንድም ማስጠንቀቂያ ሳይመጣ 84ቱም ገጽ ወጣ። አልሐምዱ ሊላህ ብለን ተኛን።

ጠዋት አማካሪው ሁለተኛውን ቅጂ ገልጠው ምዕራፍ ሦስት ላይ ያለው የወለል ፕላን ላይ ማስመሪያቸውን አሳረፉ። ሚዛኑ 1፡100 ይላል። እንግዲህ 5 ሜትር ግድግዳ ወረቀቱ ላይ 50 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሲለኩት 47 እንኳ አልሞላም። «30 ሴንቲ ሜትሩን ማን በላው?» ብለው ጠየቋት። የመጀመሪያውን ቅጂ ሲያወጡ ደግሞ ከ31 እስከ 46 ያሉት ገጾች ጽሑፋቸው ወደ ላይ ተሰብስቦ ግርጌያቸው ባዶ ቀርቷል። ሁለቱም ጥራዝ ተፈቶ እንደገና መታተም ነበረበት። የዲፌንስ ቀናቸውም ወደ ኋላ ተገፋ። ግድግዳውን የበላሁት እኔ እንደሆንኩ ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ልጅ ሆነን መድረሳ ስንቀራ ኡስታዛችን ስንሳሳት የተሳሳትነውን ቃል አይነግረንም ነበር። «ተመለስ» ብቻ ይላል። ከአንቀጹ መጀመሪያ ተመልሰህ፣ እያንዳንዱን ቃል እየሰማህ፣ የሳትክበትን ራስህ ታገኘዋለህ። የፕሪንተር ማስጠንቀቂያም እንደዚያው ነው። አለመጣጣም እንዳለ ይነግርሃል፤ የት እንዳለ አይነግርህም። እኔ ያደረግኩት ሳልመለስ ማለፍ ነበር።

መጠኑ የሚጻፈው ሦስት ቦታ ነው

አንድ ገጽ ከኮምፒውተር ተነስቶ ወረቀት ላይ እስኪያርፍ ድረስ የወረቀቱ መጠን ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ይጻፋል። አንደኛው ሰነዱ ራሱ ነው፤ ወርድ ላይ ስትጽፉ ገጹ የራሱ ቁመትና ስፋት አለው። ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ለፕሪንተሩ የሚልከው ትእዛዝ ነው፤ እሱ የሚመጣው ከማተሚያው መስኮትና ከፕሪንተሩ ሶፍትዌር ነው። ሦስተኛው ፕሪንተሩ ራሱ ውስጥ አለ፤ ብዙ ፕሪንተሮች «መሳቢያዬ ውስጥ ያለው ወረቀት ይህን ያህላል» ብለው ይመዘግባሉ። ይህን መዝገብ የምንሞላለት እኛው ነን። አብዛኞቹ የቤት ፕሪንተሮች መሳቢያቸው ውስጥ ያለውን አይተው አያውቁትም፤ በነገርናቸው ያምናሉ።

ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ ሲለይ ማስጠንቀቂያው ይመጣል። ስለዚህ «ፕሪንተሩ ምን ሆነ?» ብሎ ከመጠየቅ «ከሦስቱ ማን ነው የተለየው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በእህቴ ፋይል ፕሪንተሯም ኮምፒውተሩም ትክክል ነበሩ። የተለየው ሰነዱ ነው፤ እሱም ሙሉው ሳይሆን 16 ገጹ። ምዕራፍ ሦስትን የጻፈው አንደኛው የቡድን ጓደኛዋ በራሱ ላፕቶፕ ነበር። የእሱ ላፕቶፕ ገጹን የሚከፍተው በሌተር ነው። ምዕራፉ ከነክፍል መለያው፣ ወርድ «ሴክሽን ብሬክ» ከሚለው ጋር ወደ ዋናው ፋይል ሲገባ የገጽ መጠኑን ይዞ ገባ። በስክሪን ስታዩት ልዩነቱ አይታወቅም። ፕሪንተሯ ግን አወቀችው።

ሌተር ከየት መጣ?

እዚህ አገር ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ወረቀት ስንገዛ የምናገኘው ኤ4 ነው። ታዲያ ማንም ገዝቶት የማያውቅ ወረቀት ኮምፒውተራችን ለምን ይጠይቃል?

ሌተር በዋናነት አሜሪካና ካናዳ የሚሠሩበት መጠን ነው። ዊንዶውስ ሲጫን ቋንቋና አገር ይጠይቃል። የሚጭንልን ሰው ብዙ ጊዜ «ኢንግሊሽ፣ ዩናይትድ ስቴትስ» የሚለውን እንዳለ ትቶ «ቀጥል፣ ቀጥል» እያለ ያልፋል። በዚህ ምርጫ ውስጥ የቀን አጻጻፍ፣ የገንዘብ ምልክትና የወረቀት መጠንም አብረው አሉ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አሜሪካ ያለ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ የሚጫን ፕሪንተርም፣ በወርድ የሚከፈት አዲስ ገጽም፣ ሌተር ሆኖ ሊነሳ ይችላል። የአገሩን ምርጫ ኋላ መቀየር ይቻላል፤ ግን ቀድሞ የተጫነውን ፕሪንተርና ቀድሞ የተጻፈውን ፋይል ብዙ ጊዜ አይነካም። ለዚህ ነው ሦስቱንም ቦታ በእጅ ማየት የሚያስፈልገው።

ልዩነታቸው በዓይን ያሳስታል። ኤ4 ስፋቱ 210፣ ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር ነው። ሌተር ስፋቱ 216፣ ቁመቱ 279 ገደማ ነው። ሌተር በ6 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ በ18 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ካላስቀመጣችሁ አትለዩትም። የኮፒ ቤት ልጆች እንኳ በማስመሪያ ካልለኩ ይሳሳታሉ።

የኤ4 ቁጥሮች እንዲሁ የወጡ አይደሉም። ይህን የምጽፈው ምህንድስና ስለምማር ደስ ብሎኝም ነው፤ ካልፈለጋችሁ እለፉት። ኤ0 የሚባለው ትልቁ ወረቀት ስፋቱ ልክ አንድ ካሬ ሜትር ነው። እሱን ለሁለት ስታጥፉት ኤ1፣ እሱን ለሁለት ኤ2 እያለ ይወርዳል። አራት ጊዜ ከታጠፈ በኋላ ኤ4 ይገኛል፤ ስለዚህ ኤ4 የአንድ ካሬ ሜትር 16ኛ ነው። በየጊዜው ሲታጠፍ ቅርጹ እንዳይለወጥ የቁመቱና የስፋቱ ንጽጽር የሁለት ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 1.414 መሆን አለበት። 297ን ለ210 አካፍሉና እዩት። ይህን ጠባይ ጀርመናዊው ሊሽተንበርግ በ1786 በጻፈው ደብዳቤ ገልጾታል፤ ጀርመኖች በ1922 የአገር ደረጃ አደረጉት፤ ኋላም በ1975 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ጥቅሙ ልክ አሁን በእጃችሁ ነው፦ ይህ ጋዜጣችን ኤ4 ወረቀት መሐል ላይ ታጥፎ ኤ5 የሆነ ነው። ሁለት ኤ5 ገጽ አንድ ኤ4 ላይ ሲታተም ምንም ሳይተርፍ ይገጥማል። ሌተርን ለሁለት ብታጥፉት ግን ቅርጹ ይለወጣል፤ ኅዳጉም በአንድ በኩል ሰፍቶ በሌላው ይጠባል።

ክብደትም ከዚሁ ይወጣል። እሽጉ ላይ «80 ግራም» ተብሎ የሚጻፈው አንድ ካሬ ሜትር ወረቀት የሚመዝነው ነው። ለ16 ሲካፈል አንድ ኤ4 ወረቀት 5 ግራም ይሆናል፤ የ500 ወረቀት እሽግ 2 ኪሎ ተኩል። እሽጉ ከዚህ በግልጽ ከቀለለ ወይ ወረቀቱ ሳስቷል ወይ ቁጥሩ ጎድሏል።

ፕሪንተሩ እንዴት ያውቅብናል?

«ወረቀቱን የማያይ ከሆነ እንዴት ያስጠነቅቃል?» የሚል ይኖራል። ብዙ ጊዜ የሚያወዳድረው ጽሑፍን ከጽሑፍ ነው፤ የመጣለት ትእዛዝ ሌተር ይላል፣ መዝገቡ ኤ4 ይላል፣ ይቆማል። ሌዘር ፕሪንተር ግን ሌላም መንገድ አለው። ወረቀቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ትንንሽ ጠቋሚዎች አሉ። የወረቀቱ ራስ ሲደርስ ይገፋቸዋል፣ ጭራው ሲያልፍ ይመለሳሉ። ፕሪንተሩ በዚያ መሐል ያለፈውን ጊዜ ይቆጥራል። በደቂቃ 18 ገጽ የሚያትም ፕሪንተር ወረቀቱን በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያስኬዳል ብለን ብናሰላ፣ 18 ሚሊ ሜትር ልዩነት የሰከንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ሌተር ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ፕሪንተር ኤ4 ሲያልፍበት ጭራው በሰዓቱ አልወጣም ብሎ ያስባል። አንዳንዱ ይህን «ወረቀት ተነከሰ» ብሎ ይተረጉመዋል። ስለዚህ ሆዱን ከፍታችሁ ምንም የተነከሰ ወረቀት ሳታገኙ «ፔፐር ጃም» እያለ የሚያስቸግራችሁ ፕሪንተር ካለ፣ ሮለሩን ከመጠርጠር በፊት የወረቀት መጠኑን እዩ።

ፍተሻው ለተንኮል የተሠራ አይደለም። የቀለም ፕሪንተር ወረቀቱ ከሚጠብቀው ጠብቦ ካገኘው ከጠርዝ ውጪ ያለውን ቀለም የሚረጨው የራሱ ሆድ ውስጥ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ንጹሕ ወረቀት ጀርባው ይጠቁራል።

እንዴት እናስተካክለው?

መጀመሪያ መሳቢያውን ክፈቱና አንድ ወረቀት አውጥታችሁ በማስመሪያ ለኩ። ቀልድ አይደለም። 297 ከሆነ ኤ4 ነው፤ ከዚህ በኋላ ሦስቱም ቦታ ይህን ማለት አለባቸው። በዚያው የወረቀቱን ግራና ቀኝ የሚይዙትን መያዣዎች ወረቀቱን እስኪነኩ አስጠጉ፤ ግን እንዳይጎብጥ።

ከዚያ ሰነዱ። ወርድ ላይ «ሌይአውት» ገብታችሁ «ሳይዝ» የሚለውን ስትጫኑ የተመረጠው መጠን ይታያል። እዚህ ላይ ያለው ወጥመድ የሚታየው ጠቋሚያችሁ ያለበት ክፍል መጠን ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጠቋሚውን ፕሪንተሩ የቆመበት ገጽ ላይ አድርጋችሁ እዩ። እኔ ያንን ሌሊት ያየሁት የመጀመሪያውን ገጽ ነበር፤ ኤ4 ይላል፣ ትክክል ነው ብዬ አለፍኩ። መላውን ፋይል ለማስተካከል ከ«ሳይዝ» ሥር መጨረሻ ላይ ያለውን «ሞር ፔፐር ሳይዝስ» ክፈቱ፣ ኤ4ን ምረጡ፣ «አፕላይ ቱ» የሚለው ላይ «ሆል ዶክዩመንት» አድርጉ። እዚያው ያለውን «ሴት አዝ ዲፎልት» ከተጫናችሁ ወደፊት የምትከፍቱት አዲስ ገጽ ሁሉ ኤ4 ይሆናል። ጉግል ዶክስ ላይም «ፋይል» ውስጥ «ፔጅ ሴትአፕ» ገብታችሁ እንዲሁ ማድረግ ይቻላል።

መጠኑን ስትቀይሩ ጽሑፉ እንደሚንሸራተት እወቁ። ዙሪያውን 2.54 ሴንቲ ሜትር ኅዳግ ካላችሁ ኤ4 ላይ የጽሑፉ ስፋት በ6 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፣ ቁመቱ ግን በ18 ይጨምራል። ገጹን ሞልቶ የነበረ ሠንጠረዥ በቀኝ በኩል ሊወጣ ይችላል፤ የገጽ ቁጥርም ይቀየራል። ስለዚህ ማውጫው ላይ ጠቅ አድርጋችሁ ኤፍ9ን በመጫን አድሱት። ይህን ማድረግ ያለባችሁ በማስረከቢያው ሌሊት ሳይሆን የቡድኑ ፋይሎች በተዋሐዱ ቀን ነው።

ፋይሉ ፒዲኤፍ ከሆነ ማስተካከል የሚቻለው በዋናው ፋይል ነው። የትኛው ገጽ እንደተለየ ለማወቅ ግን አዶቢ ሪደር ላይ ገጹ ላይ ሆናችሁ «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ፕሮፐርቲስ» ብትገቡ የዚያን ገጽ መጠን ይጽፍላችኋል። ሲታተም ሦስት አማራጮች አሉ። «አክቹዋል ሳይዝ» ምንም ሳያሳንስ በልኩ ያትማል። «ፊት» ገጹን ፕሪንተሩ ማተም በሚችለው ቦታ ውስጥ እንዲገባ ያሳንሳል ወይም ያሳድጋል። «ሽሪንክ» የሚለው ትልቅ የሆነውን ብቻ ያሳንሳል። ለንባብ ጽሑፍ የትኛውም አይጎዳም። ሚዛን ላለው ሥዕል ግን ከ«አክቹዋል ሳይዝ» ውጪ ያለው አይሠራም። አብዛኞቹ የቤት ፕሪንተሮች ጠርዝ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ማተም አይችሉም፤ ስለዚህ «ፊት» ትክክለኛውን ኤ4 እንኳ ወደ 96 በመቶ ያወርደዋል። ሌተር ገጽ ሲሆን ስፋቱ ስለሚበልጥ ወደ 93 በመቶ ይወርዳል። 50 ሚሊ ሜትር በ0.934 ሲባዛ 46.7 ነው። የአማካሪው ማስመሪያ ያየው ይህንን ነበር።

ሁለተኛው ቦታ የፕሪንተሩ ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስ ላይ ከ«ሴቲንግስ» ወደ «ፕሪንተርስ ኤንድ ስካነርስ» ገብታችሁ ፕሪንተራችሁን ምረጡና «ፕሪንቲንግ ፕሪፈረንስስ»ን ክፈቱ። «ፔፐር» የሚል ገጽ ታገኛላችሁ፤ እዚያ ኤ4 አድርጉ። ይህ የሚሠራው ለእናንተ መግቢያ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን ወንድም እህት የሚጋሩት ከሆነ «ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ»፣ ከዚያ «ፕሪንቲንግ ዲፎልትስ» ገብታችሁ እዚያም ኤ4 አድርጉ። ክፍት የነበረውን ወርድ ወይም ሪደር ዘግታችሁ መልሳችሁ ክፈቱ፤ አለበለዚያ የድሮውን መጠን ይዞ ሊቀጥል ይችላል። ደግሞ እንደ እኔ ሶፍትዌሩን ደጋግማችሁ ጭናችሁ ከሆነ ዝርዝሩ ውስጥ ያው ፕሪንተር ስሙ ጫፍ ላይ «ኮፒ 1» ተብሎ ሁለት ጊዜ ሊገኝ ይችላል። አንዱን አስተካክላችሁ በሌላው እያተማችሁ እንዳትደክሙ፤ የማይሠራውን አጥፉት።

ከስልክ የምታትሙም እንዳትረሱ፤ በቴሌግራም የመጣልንን ፋይል ቀጥታ ከስልክ ወደ ፕሪንተር የምንልክ ብዙ ነን። አንድሮይድ ላይ «ፕሪንት» ስትሉ ከላይ «ፔፐር ሳይዝ» የሚል ይመጣል። ስልኩ እንግሊዝኛውን በአሜሪካ ካደረገ «ሌተር» ብሎ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ ኤ4ን ምረጡ።

ሦስተኛው የፕሪንተሩ መዝገብ ነው። ስክሪን ያለው ፕሪንተር ከሆነ «ሴትአፕ» ወይም «ፔፐር ሴቲንግስ» ውስጥ የመሳቢያው መጠንና የወረቀቱ ዓይነት አለ። ስክሪን ለሌለው፣ በዋይፋይ ወይም በኔትወርክ የተገናኘ ከሆነ የአይፒ ቁጥሩን ብሮውዘር ላይ ስትጽፉ ብዙዎቹ የራሳቸውን ገጽ ይከፍታሉ። በገመድ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ የሚጫን መቆጣጠሪያ ይፈለጋል። አንዳንድ ሌዘር ፕሪንተሮች «ኤኒ»፣ ማለትም ማንኛውም የሚል ምርጫ አላቸው፤ እሱን ካደረጋችሁ ስለ መሳቢያው መጨነቅ ይተዋሉ።

ከመጠኑ ጎን የወረቀት ዓይነትም አለ። ማስጠንቀቂያው በዓይነት አለመጣጣምም ይመጣል፤ ለሠርግ ጥሪ በወፍራም ወረቀት አትማችሁ ሳትመልሱት ከቀራችሁ ማለት ነው። ሌዘር ፕሪንተር ቶነሩን የሚያጣብቀው በሙቀት ስለሆነ ለወፍራም ወረቀት ቀስ ይላል ወይም ሙቀት ይጨምራል። ወፍራሙን «ፕሌን» ብላችሁ ካተማችሁ ፊደሉ በጣት ሲነካ ይረግፋል። ለተራ ወረቀት «ፕሌን» ይበቃል።

አሁን ስለ ሁለቱ አቋራጮች። በብዙ ፕሪንተር ላይ ቁልፉን መጫን «ባለው ወረቀት አትምልኝ» ማለት ነው። ለአንድ ገጽ ማስታወሻ እኔም እጫነዋለሁ። ለሚጠረዝና ለሚለካ ነገር ግን አልጫነውም። ሌላው አቋራጭ ፍተሻውን ጨርሶ ማጥፋት ነው። ብዙ የቤት ፕሪንተሮች ሜኑ ውስጥ የመጠን አለመጣጣምን የሚፈትሸውን የሚዘጋ ምርጫ አለ፤ ወንድሞች «አንዴ ዝጋው፣ ትገላገላለህ» እያሉ ሲመክሩ እሰማለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ልክ ያልሆነ መጠን የተቆረጠ ወረቀት ሆን ብላችሁ የምታትሙ ከሆነ ለዚያ ሥራ ዝጉት፣ ስትጨርሱ መልሱት። ዘግታችሁ ከተዋችሁት ግን ቀጣዩ 16 ገጽ በዝምታ ያልፋል።

እህቴ ያን 16 ገጽ እንደገና ያተመችው በዚያችው ፕሪንተር ነው። ፋይሉን «ሆል ዶክዩመንት» አድርጌ ኤ4 ስለው ገጹ ከ84 ወደ 83 ወረደ። አንድም ቁልፍ ሳልነካ ወጣ። የወለል ፕላኑን በማስመሪያ ስለካው 50 ሚሊ ሜትር። አባቴ እስካሁን ፕሪንተሯን ጠጋኝ ሳያያት እንዴት እንደዳነች ይገርመዋል።

አንድ ማስታወሻ ከአዘጋጅ ክፍሉ፦ ለሚቀጥለው እትም ጽሑፍ የምትልኩ ወንድሞችና እህቶች፣ ከመላካችሁ በፊት «ሳይዝ» የሚለውን ከፍታችሁ ኤ4 መሆኑን እዩልን። ባለፈው ከመጡልን ጽሑፎች አራቱ ሌተር ነበሩ፤ ሲታጠፉ የመጨረሻው መስመር ግርጌው ላይ እየተቆረጠ ሌሊቱን እንደገና ስናደራጅ አነጋን።